የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ

ባለፈው ሐሙስ ጅማ መርካቶ ወርጄ ነበር። የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ ጎድሎት፣ የሚመስለውን ልፈልግ ብዬ ነው የወጣሁት። ከመንደራ ቆጪ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየረጨ እህል ተራ ጫፍ ላይ አወረደኝ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በእግሬ ወደ ጨርቅ ተራ ስታጠፍ፣ በድሮው የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ አንዲት ጂንስ የለበሰች ወጣት የብረት ሜትር ዘርግታ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ስትለካ አየሁ። አንዱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው እያመለጣት ትታገላለች። ቀረብ አልኩና ጫፉን ያዝኩላት።

«ሦስት ሜትር ከሩብ ነው፤ አትድከሚ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች፤ ተመልሳ ሜትሩን አየች።

«ሦስት ሜትር ከሃያ አራት! እማማ፣ እንዴት አወቁ?»

«አንዷን ሳንቲሜትር ምርጊቱ በልቷት ይሆናል።»

ሳቀች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስለ ከተማችን የቆዩ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች። «ጅሬን ስላለው ቤተ መንግሥት ሁሉም ጽፏል። ገበያውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ፌር ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ፌር አይደለም፣ ወጣትነቴን እዚህ በረንዳ ላይ ስሰፋ ነው ያሳለፍኩት አልኳት። ወዲያው ደብተሯን ከፈተችና ትጠይቀኝ ጀመር። በረንዳው መቼ ተሠራ? ማን አሠራው? አንዱ ጣልያን ነው ይላል፣ ሌላው የዓረብ ነጋዴ ነው ይላል፤ እኔ ቆሞ ነው ያገኘሁት። «እርስዎ እዚህ መስፋት የጀመሩት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ስትለኝም፣ «አቡጀዲ ሜትሩ በሽልንግ በሚሸጥበት፣ ተትረን ሱሪ የለበሰ ወንድ ጭቃ እንዳይነካው እንደ ሽመላ እየተራመደ በሚሄድበት ጊዜ ነዋ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አንስታ ትንሽ ጠበቀች፤ ቁጥር ሲጠፋባት መልሳ አስቀመጠችው። ለእሷ ያወራሁትን፣ ደብተሯ ላይ ያልሰፈረውን፣ እንግዲህ ለእናንተም ላውራው።

ያን ጊዜ የጅማ ሳምንት የሚከፈተውም የሚዘጋውም በሐሙስ ነበር። የደዶ ሰዎች ድንችና ነጭ ሽንኩርት፣ ገብስም በፈረስ ጭነው ገና በማለዳው ቁልቁል ይወርዳሉ። ከአጋሮ በኩል ጆንያ እስከ ላይ የጫኑ መኪኖች እያቃሰቱ ይገባሉ። በቡና ሰሞን ሜዳው ሁሉ ጀንፈል ይሰጣበታል፤ ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቀው ቡና ሽታ፣ ያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ነገር፣ ነጠላ ውስጥ ገብቶ ሦስት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም። ገበሬው ቡናውን ሸጦ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ጨርቅ ተራ ነው። ካኪ፣ ፖፕሊን፣ ተትረን፣ ለሚስቱ አበባ ያለበት ቺት አስቀድዶ በብብቱ ሸጉጦ ወደኛ በረንዳ ይመጣል። ጠዋት አስለክቶ ሄዶ ከሰዓት ለብሶ የሚመለስ ሞልቶ ነበር። አሮጌውን ልብስ ፈረሱ ላይ ያስረዋል። ሰውየው አዲስ ኮት ለብሶ ሽቅብ ወደ ደዶ ሲሄድ፣ ከኋላ ሲያዩት መንገዱ ራሱ ሠርግ የሚሄድ ይመስላል።

በበረንዳው ላይ ስድስት የእግር ስፌት መኪኖች በአንድ መስመር ይቀመጡ ነበር። ከመንገዱ ባሻገር ሻይ ቤት አለ፤ ከበሩ በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘፍን ይውላል። ዘፈኑ ሞቅ ሲል የመኪኖቹ መርገጫ አብሮ ይፈጥናል፤ ቀዝቀዝ ያለ የትዝታ ዜማ ሲመጣ ደግሞ ስፌቱ እየተራራቀ ይሄዳል። ሱሪ ገልብጣችሁ ስታዩ የትኛው እግር በየትኛው ዘፈን እንደተሰፋ ታውቁ ነበር። ከዚህ ነፃ የነበሩት ጋሼ ማርቆስ ብቻ ናቸው። ከዳውሮ የመጡ ጴንጤ ስለነበሩ የዓለም ዘፈን አይሰሙም፤ የራሳቸውን መዝሙር በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ይሰፋሉ። የእሳቸው ስፌት ከጥር እስከ ጥር አንድ ዓይነት ነው።

ከጋሼ ማርቆስ ቀጥሎ የሚቀመጠው አባቴ ነበር። ሁሴን ይባላል፤ ገበያው «ሁሴን ኮት» ይለዋል። እኔ የበኩር ልጁ ሐዋ ነኝ። እናቴ ጋ ቤት ውስጥ የአባቴን የተረፈ ሥራ፣ የቁልፍ ቀዳዳና ገበር፣ እየሠራሁ ነው ያደግኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሙሉ ኮት ቆርጬ እሰፋ ነበር፤ ይህን ግን ከቤታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በረንዳው የወንዶች ነው።

ከዚያ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ቀጥሎ ከሰቃ ለመጣ አንድ ሰው የሰፋውን እጅጌ ገልብጦ ገጠመው። ሰውየው ደግ ነበርና ምንም ሳይል ለብሶት ሄደ። አባቴ ግን ሲነገረው ቤት ገብቶ ሁለት ሐሙስ ሳይወጣ ቀረ። የበረንዳው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሦስት ሐሙስ ባዶ የዋለ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ቦታው ከሄደ ስድስት ነፍስ የሚበላበት ገበታ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት አባቴ «ሐዋ፣ ሻሽሽን እሰሪ» አለኝ። እጁን ይዤ መርካቶ ወረድን። መኪናው አጠገብ ስንደርስ እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠና እኔን በመኪናው ፊት አስቀመጠኝ። የአምስቱም መኪና መርገጫ ቆመ።

የበረንዳው ታላቅ አባ ራያ ነበሩ። ፂማቸው በሂና የቀላ፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ነጭ። ቀስ ብለው ተነስተው መጡ።

«ሁሴን፣ ምን እያየሁ ነው?»

«ልጄ ናት፣ አባ ራያ። ትሰፋለች።»

«ትስፋ፣ ቤቷ ትስፋ! እዚህ ሴት ልጅ ተቀምጣ የወንድ ወገብና ደረት ልትለካ ነው? አስተግፊሩላህ!»

አባቴ ምን እንደሚል አላሰበበትም መሰለኝ፤ ካፉ እንደመጣለት ነው የተናገረው። «አትለካም። ታያለች።»

«ምን?»

«ሜትር አትይዝም። አይታ ትሰፋለች።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በበኩሌ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም! አባ ራያ ግን አልሳቁም። «ጥሩ» አሉ። «እንግዲያው እኔን ትይና ኮት ትስፋልኝ። ለሚመጣው ሐሙስ። ልክ ከሆነ ቦታው የእናንተ ነው። ካልሆነ በሰላም ትነሳላችሁ።» ከሱቅ ቡና ዓይነት ጨርቅ አስቀድደው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ያን ቀን ሙሉ ምንም ሳልሰፋ አባ ራያን ሳይ ዋልኩ። የበረንዳው ግድግዳ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ይሆናል፤ ይህን ተቀምጬ በእጄ ለክቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ መቁጠር ብቻ ነው። አባ ራያ ግድግዳው አጠገብ ሲቆሙ ትከሻቸው የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ሲቀመጡ ወገባቸው የት ላይ እንደሚውል፣ ለሶላት ሲነሱ ኮታቸው የት ድረስ እንደሚወርድ በልቤ ያዝኩ። ሌላም ነገር አየሁ። ከላይ ጨርቅ ሲያወርዱ የሚዘረጉት ቀኝ እጃቸውን ነው። የግራ እጅጌያቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ እጥፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ሰው ልማዳቸው ይመስለው ነበር።

ቤት ገብቼ ስቆርጥ እናቴ በላዬ ቆማ ጮኸች። «አብደሻል እንዴ! አንደኛው እጅጌ እኮ አጥሯል!»

«ይጠር» አልኳት።

ሐሙስ ደረሰ። ኮቱን ከጥቅሉ አውጥቼ ትከሻውን ይዤ ዘረጋሁት። የግራ እጅጌው ከቀኙ ሁለት ጣት ያንሳል፤ ከመንገድ ማዶ እንኳ ይታያል። አንደኛው ሰፊ መርገጫውን እየመታ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። የሻይ ቤቱ ሰዎችም ወጥተው ነበር። አባቴ የሚሆነውን ስላላየ ፊቱን ወደ ሳቁ አዙሮ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላል። አባ ራያ እጅጌውን አንድ ጊዜ አዩት። የለበሱትን አውልቀው የኔን ኮት አጠለቁ፣ ቆለፉ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ። ሁለቱ እጅጌዎች የእጃቸው አንጓ ላይ እኩል ቆሙ። ሳቁ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እየከሰመ ሄደ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም፣ አባ ራያ። አየሁት።»

የግራ ክንዳቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጅ ሆኜ ከፈረስ ወድቄ ነው የተሰበረው» አሉ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ። «ወጌሻው አጣሞ ገጠመው። ይኸው ስንት ዓመት ለራሴ ስሰፋ ሁለቱንም እኩል እየቆረጥኩ አንዱን አጥፋለሁ። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ያ ሁሴን፣ ዓይንህ አልጠፋም፤ ልጅህ ጋ ነው የሄደው።» እኔንም በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ቁጭ በይና ሥራሽን ሥሪ።»

ተቀመጥኩ። ተቻኩዬ መርገጫውን ስለረገጥኩት የመጀመሪያው ስፌት እባብ እንደሄደበት ሆኖ ወጣ። ጋሼ ማርቆስ አጎንብሰው አዩና «ጌታ ይመስገን፣ እሷም ሰው ናት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ጎርፍ ሆነ። ግማሹ ሊያሰፋ፣ ግማሹ ሊያይ ነው የሚመጣው። ወንዶቹን ግድግዳው ጥግ አቆማቸዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አያለሁ፣ ልኩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ አባቴ በቃሉ ይይዛል። አርባ ሰው ቢቆም የአርባውን ወገብ አያምታታም። ጨርቁንም በጣቶቹ ዳሶ «ይሄ ተትረን ነው፤ ይሄ ሲታጠብ ያጥራል፣ አስፍተሽ ቁረጪው» ይለኛል። ዓይን እኔ፣ እጅና አእምሮ እሱ ሆነን አንድ ሙሉ ልብስ ሰፊ ወጣን።

ዛሬ በረንዳው ላይ ሁለት የስልክ ዕቃ መሸጫና አንድ የባንክ ማስታወቂያ አለ። የቀረው ልብስ ሰፊ አንድ ነው፤ እሱም ዚፕ ይቀይራል፣ የጂንስ እግር ያሳጥራል። ጎኑ በእሽግ የመጣ የተሰፋ ልብስ እንደ ጎመን ተቆልሏል። ሰው «ያ ሙያ ጠፋ» ብሎ እንዳለቅስ ይጠብቃል። እኔ አላለቅስም። ያኔ በዓመት አንድ ልብስ የሚያገኝ ልጅ ዛሬ ሦስት ይቀያይራል፤ ይቀያይር። የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም የለበሰው ትከሻው ላይ አልገጠመም። መንገድ ላይ ስሄድ እጄን ይበላኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ ተማሪዋ «ወንዶቹ አላስቸገሩዎትም ግን?» አለችኝ። አንዱ አስቸግሮኛል አልኳት። ነስሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት በቡና ሰሞን ከደዶ አንድ ሙሽራ ከአራት ሚዜዎቹ ጋር መጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ተትረን ይዘዋል፤ አምስት ሱሪ። በተራ ግድግዳው ጥግ አቆምኳቸው። የመጨረሻው፣ ረጅሙ ነስሩ፣ ወደዚህና ወደዚያ ይወዛወዛል።

«ቀጥ በል እንጂ» አልኩት።

«እያየሽኝ ቀጥ ማለት አልሆነልኝም» አለ። ጓደኞቹ እየተጋፉ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ፤ ልኩን ግን በትክክል ነው የያዝኩት።

ሱሪዎቹን ወሰዱ፣ ሠርጉ ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ረጅሙ ልጅ ሱሪውን አጣጥፎ መጣ። የውስጥ እግሩ ስፌት ተፈቷል። ይቅርታ ጠይቄ ደርቤ ሰፋሁለት። በሳምንቱ ተመለሰ፤ አሁን ኪሱ ነው። በሦስተኛው ሐሙስ ደግሞ ከኋላ፣ መቀመጫው ላይ፣ አንድ ስንዝር ተከፍቶ አመጣው። ሰው ሲሰማ ወሬው እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ወረፋ ይዞ የቆመ አንድ ሽማግሌ ጨርቁን ቀስ አድርጎ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳና «የሴት ስፌት ይፈታል አሉ» ብሎ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ። ሁለተኛው ተከተለው። በዚያ ሳምንት ክር ቀየርኩ፣ መርፌ ቀየርኩ፣ መኪናውን ፈታትቼ ዘይት አጠጣሁ። የሰፋሁትን ሁሉ ቤት ይዤ እየጎተትኩ አየሁ፤ ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ማርቆስም አንዱን ሱሪ ተቀበሉኝና በእግራቸው ረግጠው በሁለት እጃቸው እስኪደክማቸው ጎተቱት። «ሐዋ፣ ይህን የሚፈታ ሰው ሳይሆን ትራክተር ነው» አሉኝ። እኔ ግን ማልቀስ ዳድቶኝ ነበር። ያን ሁሉ ሆኜ ያገኘሁት ቦታ በአንድ ሱሪ ሊሄድብኝ ነው።

በአራተኛው ሐሙስ ነስሩ መጣ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይዟል። የውጭ እግሩ ከጉልበት እስከ ታች ተተርትሯል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሱሪ ምን ታደርግበታለህ?» አልኩት፣ ገበያው እስኪሰማ። «ታርስበታለህ?»

«ኧረ ወላሂ! ለጁምዓ ብቻ ነው የምለብሰው።»

«እስቲ አምጣው» አለ አባቴ፣ እጁን ዘርግቶ።

ሱሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ስፌቱን በሁለት ጣቱ ከላይ ወደ ታች ዳበሰ። መሀል ላይ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። ደግሞ ቆመ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አመመው ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀ ኖሯል።

«ሐዋ፣ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይበተናል። ይሄ ግን እያንዳንዱ ቁርጥ፣ ቁርጥ ያለ ነው። ይሄ ምላጭ ነው።»

የስድስቱም መኪና መርገጫ ቆመ። ነስሩ ሽንኩርቱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ፤ ፊቱ እንደ በሰለ የቡና ፍሬ ቀላ።

«ከደዶ እዚህ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ልጄ?» አለ አባቴ።

«አራት ሰዓት ያህል፣ አባ።»

«መመለሻውስ?»

«ሽቅብ ስለሆነ አምስት።»

«እና አራት ሐሙስ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት የምትሄደው፣ የገዛ ሱሪህን በምላጭ እየተረተርክ ነው። ለምን?»

ነስሩ መሬት መሬት አየ። «ሌላ የማመጣው ጨርቅ ስላልነበረኝ ነው» አለ።

አባ ራያ ወዲያ ዞረው እንደ ማሳል አሉ፤ ሳል እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል። አባቴ ሱሪውን በጥንቃቄ አጣጥፎ መልሶ ሰጠው። «በል ልጄ፣ ጨርቁን አትጨርሰው። ሽማግሌ ላክ።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ንዴቱ ግን ይበልጥ ነበር። የኔ ሦስት ሳምንት ጭንቀት ለማን ይነገራል? ተነስቼ «ቆይ!» አልኩ። «ሽማግሌው ይደርሳል። መጀመሪያ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁምና የሐዋ ስፌት እንደማይፈታ ለገበያው ተናገር። በአማርኛም በኦሮምኛም።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ነስሩ ወደ አባቴ አየ። አባቴ «እኔን ምን ታየኛለህ፣ ማየት እንደሁ አልችል» አለው። ሄዶ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመ። ሻይ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ቀነሰለት። ከዚያ ያ ረጅም ሰውዬ የተተረተረ ሱሪውን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥሎ በአማርኛ፣ የሐዋ ስፌት እንደማይፈታ፣ የፈታው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ለዚያውም አንድ ምላጭ አልበቃው ብሎ ሁለት መጨረሱን ጮኾ ተናገረ። ጨርቅ ተራው፣ እህል ተራው፣ ፈረስ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ሳቁ። ጨርቁን አንስቶብኝ የሄደው ሽማግሌ በሰው መሀል እየተሽሎከለከ መጣና ጨርቁን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ከኋላው ሌላ ሰው ቆመ፤ ከዚያኛው ኋላ ደግሞ ሌላ። በዚያ ቀን ከሁለቱ ምሰሶዎች አልፎ የተጠማዘዘ ወረፋ ነበረኝ።

የነስሩ ሰዎች ሽማግሌ ለሐሙስ እንልካለን ብለው ላኩብን። እኔ ሐሙስ ሥራ አለኝ ብዬ መለስኩ። አርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ።